ለዘንግ የሚበቃ ጋቢና

ዘንግ የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው የበር ጉበን በግንባሩ መምታት ጀምሮ ነበር። አድጎ ሲያበቃ ሁለት ሜትር ከሁለት ጣት ሆነ። እግሩ ከአልጋ ይተርፋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ጣሪያው ይጫነዋል፤ «ቁመትህን አካፍለን» የሚሉትን ሁሉ በፈገግታ ያልፋል። ሰው ትዕግሥተኛ ይለዋል። ሚስቱ ግን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የዘንግ ንዴት እንደ ከሰል ነው፤ ለመያያዝ ይዘገያል፣ ከተያያዘ ግን ጭስ የለውም፣ እሳት ብቻ ነው።

ሥራው ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ነው። የታላቅ እህቱ ባል የከብት መድኃኒት ያከፋፍላል። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና የማያልፍባቸው የከብት እርባታዎች አሉ፤ ዘንግ ክትባቱንና የከብት ሐኪሟን ጭኖ እዚያ ሣር ሜዳ ላይ ያርፋል። አሥራ ሰባት ዓመት ያበረራት አሮጌ አውሮፕላን መልኳ አያምርም እንጂ ጋቢናዋ ሰፊ፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ወንበሯም ወደ ኋላ እስከ ጥግ የሚንሸራተት ነበር። የክንፏን ማያያዣ ዝገት ሲበላው ግን መካኒኩ «ከእንግዲህ እኔ አልፈርምባትም» አለ። ሌላ መግዛት ግድ ሆነ።

ዘንግ መጀመሪያ ራሱን አስለካ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ጀርባውን ከግድግዳ አስጠጋችው፣ የሚያበርበትን የጆሮ ማዳመጫ አናቱ ላይ አደረገችለትና ሜትሯን ዘረጋች።

«ከመቀመጫ እስከ አናት አንድ ሜትር ከአምስት» አለች። «ከወለል እስከ ጉልበት ስልሳ አምስት። ትከሻ ሃምሳ አራት። ሰው ለሱፍ ይለካል፣ አንተ ለአውሮፕላን።»

«ሱፍ ቢጠበኝ ቁልፉን እፈታለሁ» አላት። «አየር ላይ ምኑን እፈታለሁ?»

ልኩን በወረቀት ጽፎ ለእህቱ ባል ሰጠው። እህቱም እዚያው ነበረች።

«ጋሼ፣ ደላላው ምንም ቢልዎት ከዚህ የጠበበ እንዳይገዙ። ቁጥሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ እኔ ራሴ ልቀመጥበት። መሪውን እስከ ዳር ሳዞረው ጉልበቴን መንካት የለበትም።»

«አይዞህ» አለው የእህቱ ባል፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ አውሮፕላኑን ገዝቶ መጣ። ዘንግን አልጠራውም። የመጣው አውሮፕላን ነጭ፣ አፍንጫው ሹል፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር። ዘንግ ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ ሦስት ቦታ ታጥፎ ገባ። አናቱ ጣሪያውን ነካ። ማዳመጫውን ሲያደርግ አንገቱ ወደ ጎን ተጣመመ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞረው ገና ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም» አለ ከውስጥ።

የእህቱ ባል አጠር ያለ ድቡልቡል ሰው ነው። «ለምን አይሆንም?» አለው።

«መሪው አይዞርም። ጉልበቴ ይይዘዋል።»

«ሰብሰብ አድርገዋ ጉልበትህን።»

«ወዴት?»

«አንተ ደግሞ፣ ሰማዩም አይበቃህ» ብሎ ሣቀ። ደላላው ሣቀ። አለቃ ስቆ ዝም አይባልምና የመጋዘን ሠራተኞቹም ሣቁ። «ትለምደዋለህ። ብረት አይታጠፍም እንጂ ሰው ይታጠፋል።»

መካኒኩ አዘነለትና የወንበሩን ስፖንጅ አወጣለት። ዘንግ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ። አናቱ ከጣሪያው ለቀቅ አለ፤ ጉልበቱ ግን እዚያው መሪው ሥር ቀረ።

«አላበርም» ሊል ወደ ቢሮ ሲሄድ እህቱ በሩ ላይ ያዘችው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ለእኔ ስትል» አለችው። «ቤቴ ጠብ አይግባብኝ። እስኪ ጥቂት ሞክረው።»

«እትዬ፣ ይሄ በልምድ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ስትል።»

አምስት ሳምንት አበረረው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ያስኬዳል፤ መሪውን ብዙ ማዞር አያስፈልግም። ሲወርድ ግን ወገቡ አይቃናለትም፣ የግራ ጉልበቱ ከበሩ ጋር ሲታሽ ውሎ በልዟል። ከዚያ ሁሉ የሚያቃጥለው የእህቱ ባል ጥያቄ ነበር። «እህ፣ ለመድከው?» ይለዋል፣ በየቀኑ። ዘንግ «እየለመድኩት ነው ጋሼ» ይልና ቤቱ ሲገባ እህል አይቀምስም። ሚስቱ «ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእሱ ንገረው» ትለዋለች። እሱ ግን በማግሥቱም ያንኑ ይመልሳል።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሐኪሟ ከአጠገቡ ተቀምጣ ቅርብ ካሉት እርባታዎች ወደ አንዱ ወረዱ። ነፋሱ ከግራ ይመጣ ነበር። መሬት ሊነኩ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀራቸው የግራውን ክንፍ ከሥሩ አነሣው። ዘንግ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ መሪው ጉልበቱን መትቶ ቆመ። ጉልበቱን ሊያሸሽ ሞከረ። በዚያ በኩል በሩ ነው፣ በዚህ በኩል የሐኪሟ ጭን። የቀኙ ክንፍ ጫፍ ሣሩን ነካ፣ አውሮፕላኑ ተሽከረከረ፣ አንዱ የጎማ እግሩ ተሰበረና የከብቶቹ አጥር ላይ ተጋድሞ ቆመ።

ሞተሩ ጸጥ ሲል ሐኪሟ «እጄ» አለች፣ በቀስታ። ዳሽቦርዱን የተደገፈችበት ቀኝ ክንዷ ከአንጓው በላይ ታጥፎ ነበር።

የእህቱ ባል ከመካኒኩ ጋር በመኪና የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሟ ክንዷ በእንጨት ታስሮ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳትን መኪና ትጠብቃለች። እሱ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ዞረው። ክንፉን ዳሰሰ። «ይጠገናል?» ብሎ መካኒኩን ጠየቀ። ከዚያ ወደ ዘንግ ዞሮ፣ «አሥራ ሰባት ዓመት ያበረረ ሰው በዚች ነፋስ ይወድቃል?» አለው።

«አንተ» አለው ዘንግ።

በሃያ ዓመት ዝምድና ውስጥ «እርስዎ» ካልሆነ በቀር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። መካኒኩ ካጎነበሰበት ቀና አለ።

«ወረቀቱን ምን አደረግከው?»

«የምን ወረቀት?»

«ልኬን። በእጅህ የሰጠሁህን።»

«ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለህ?»

«በደንብ። ሰው ይታጠፋል ያልከኝ ሰው ነህ። ይኸው ታጠፈ። የታጠፈው የሷ ክንድ ነው። ከመጣህ ጀምሮ ደህና ነሽ ወይ አላልካትም፤ የሮጥከው ለክንፉ ነው። ዳሰስከው እኮ፣ እንደ ሕፃን።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። የእህቱ ባል ወደ ዛፉ ሄደ።

ነገሩ በዚያ አልበረደም። በሦስተኛው ቀን የእህቱ ባል ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤት «ጥፋቱ የአብራሪው ነው» ብሎ ደብዳቤ አስገባ።

መሥሪያ ቤቱ የላካት መርማሪ መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። አውሮፕላኑ ተጎትቶ ማደሪያው ሃንጋር ገብቷል። ዘንግን «ይግቡና እንደ ወትሮው ይቀመጡ» አለችው። «አሁን ወደ ግራ ያዙሩ።» አዞረ። ቆመ። በመሪውና በጉልበቱ መካከል ጣቷን ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። ወደ አውሮፕላኑ ባለቤት ዞረች።

«ከመግዛትዎ በፊት ነግሮዎት ነበር?»

«የማስታውሰው ነገር የለም።»

እህቱ ከሃንጋሩ በር አጠገብ ቆማ ነበር። «ነግሮታል» አለች። «ልኩን በወረቀት ሲሰጠው አብሬ ነበርኩ። ሲመጣም አይሆንም ብሏል።» ባሏን አላየችውም። «ለምኜ ያስበረርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እሱም ይጻፍ።»

መርማሪዋ ጻፈች። ነጩ አውሮፕላን ተጠግኖ ለሌላ፣ ቁመቱ ለሚፈቅድለት ሰው ተሸጠ። የሚቀጥለውን ዘንግ እንዲመርጥ ተባለ፤ እህቱ አብራው ሄደች።

ሦስት አዩ። የመጀመሪያው አናቱን ቻለለት፤ ነገር ግን የክንፉ ሥር ዓይኑ ትክክል ስለሚያርፍ ወደ ጎን ለማየት እንደ ሌባ ማጎንበስ ነበረበት። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ፔዳሉን እስከ ዳር ሲረግጠው ግን የጫማው አፍንጫ ከዳሽቦርዱ ሥር ተወሸቀ። ሦስተኛው በግራና በቀኝ በር ያለው፣ አራት ማዕዘን፣ የዳቦ ሳጥን የመሰለ ነበር። ዘንግ ማዳመጫውን አድርጎ፣ እህቱን ከጎኑ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠበት። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ደረቱ እስከ መጨረሻው እየሳበ ጉልበቱን ያየዋል። ፔዳሉን ይረግጣል፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ደግሞ እንደገና።

ደላላው ሰለቸው። «ወንድሜ፣ ሊበሩበት ነው ሊተኙበት?»

«ያለፈውም ደላላ ቀልደኛ ነበር» አለው ዘንግ። «ሰው ተሰበረበት።»

በማግሥቱ ነፋስ ባለበት ሰዓት አብርሮ አየውና ያንኑ ገዙ።

ዘንግ አውሮፕላኑን ይዞ ከመጣ በኋላ ወደ ሐኪሟ ቤት ሄደ። ክንዷ ጠግጓል፣ ትንሽ ግን ጠመም ብሏል። የጋቢናውን ስፋት ሲነግራት ሰማችውና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «መሪው እንደማይዞር እያወቅህ ነው አምስት ሳምንት አጠገብህ ያስቀመጥከኝ?»

እህቴ ለምናኝ ሊል ነበር። ዋጠው። «አዎ» አላት።

«እንግዲያው እኔ በመኪና ነው የምሄደው።» ወደ ሩቆቹ እርባታዎች ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ዝናብ ሲጥልም ጭቃው እስኪደርቅ መጠበቅ አለ፤ እስካሁን በመኪና ትሄዳለች።

ሲመለስ በእግሩ ነበር የሄደው። የእህቱን ባል ከቀን ቀን ሲረግመው ሰንብቶ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ንዴቱ መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ነበር። አውሮፕላኑን ደላላው አላስነሣው፣ እሱንም አለቃው በገመድ አላሰረው። ቁልፉን እያዞረ ያስነሣው የራሱ እጅ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት መካኒኩ አንዱ ጎማ ተበልቷል አለ። የእህቱ ባል «ዛሬን ብቻ፣ ክትባቱ ይበላሻል» አለ። ዘንግ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«አይበርም» አለ፤ ክትባቱ ወደ ማቀዝቀዣው እንዲመለስ ነግሮ፣ በሩን ዝቅ ብሎ አልፎ ቤቱ ሄደ።