ታንጉትና የዶሮዎቿ ውሃ

ታንጉት ሰው አታምንም። ዘይት ስትገዛ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስታ ታያለች፤ የዶሮ መኖ ስትገዛ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትሰዳለች፣ ከሥር ገለባ እንዳይኖር። ስለዚህ የባሏ የደረበ ቁስል አልድን ሲል ጥፋተኛውን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ መድኃኒቱን የሸጠላት ኡመይር ነው።

ደረበ መንደራቸው ኮኪት ውስጥ ሰሊጥ ሲያጭድ ማጭዱ ቅልጥሙን ቆረጠው። እሷም እንደ አገሩ ልማድ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈልቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችበት፤ ሁለት ሁለትም አስዋጠችው። በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ገንዳ ውሃ ከተማ ያየው ሐኪም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ጻፈለት፤ «አጥንቱ ከተነካ እግሩን ማትረፍ ይቸግራል» አላት።

ከመሄዷ በፊት መተማ ዮሐንስ ወርዳ ኡመይር ሱቅ በር ላይ ቆመች።

«ጠመኔ ነው የሸጥህልኝ!»

«ወላሂ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የራሴን ልጅ ያከምኩት በዚሁ ነው።»

«ለራስህ ልጅማ ከሌላው መደርደሪያ ነው የምትሰጠው!»

የተረፈውን ካፕሱል በመሀረቧ ቋጥራ፣ ደረበን ይዛ ጎንደር ገባች። ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ቢያድግልኝ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። «የኔ ወንድም፣ ቁስሉን ተወው፤ ይህን መርምርልኝ» ብላ ቋጠሮውን ዘረጋችለት።

ደግ ሰው ነውና አላሳፈራትም። ዱቄቱን አሟሙቶ ሁለት ሳህን ላይ ጠብ ጠብ አደረገ፤ አንዱ ላይ በመድኃኒቱ የምትሞት የታወቀች ባክቴሪያ ዘርቷል፣ ሌላው ላይ ከደረበ ቁስል የወሰዳትን። በማግስቱ ጠራት። የመጀመሪያው ሳህን ጠብታው ካረፈበት ቦታ ዙሪያውን ተመልጧል። በሁለተኛው ላይ ግን ባክቴሪያዋ ጠብታውን ረግጣው እንደ ዝናብ ሣር ሞልታለች።

«መድኃኒቱ ደህና ነው፣ እትዬ ታንጉት። አልበገርም ያለችው የቁስሉ ባክቴሪያ ናት።»

«ይህን ከየት ተማረችው?»

«ከጎረቤቷ ተቀብላው ይሆናል። አንዳንዷ ባክቴሪያ ፕላስሚድ የሚባል ቀለበት መሳይ ነገር ትይዛለች፤ መድኃኒት የምትመክተው በዚያ ነው። ሌላዋን ስትጠጋ ቅጂውን ታቀብላታለች። ዘመድ መሆን የለባትም፤ የአንጀት ባክቴሪያ ለቁስል ባክቴሪያ ትሰጣለች። ቀለበቱን መሸከሙ ያደክማታል፤ መድኃኒት በሌለበት ቤት አንዳንዷ ትጥለዋለች። መድኃኒት በማይጠፋበት ቤት ግን ያልያዘችው ታልቅና የያዘችው ቤቱን ትወርሰዋለች።» ቀና ብሎ አያት። «እናንተ ቤት መድኃኒት የማይጠፋበት ቦታ አለ?»

ታንጉት ጠረጠረች። ምን ፈልጎ ነው? ዶሮዎቼን ሊያስወስድ?

«የለም» አለች።

«ቁስሉን የሚያጥበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በፊትስ ጠዋት ምን ይሠራሉ?»

መሀረቧን መልሳ ቋጠረች። በየጠዋቱ ሁለት ካፕሱል ፈልቅቃ የዶሮዎቹ ውሃ ውስጥ ትጨምራለች፣ በሽታ እንዳይገባባቸው። በእጇ ታማስለዋለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የደረበን ጨርቅ ትፈታለች።

«ይስሙኝ፣ እትዬ» አለ ቢያድግልኝ፤ «ባክቴሪያዋን የሚገድል አንድ የመርፌ መድኃኒት ብቻ ነው የቀረን። እሱንም የሚመክት ሌላ ነገር ቁስሉ ውስጥ ከገባ የሚቀረን መጋዝ ነው።»

ያን ጊዜ ተናገረች፤ ዶሮውንም፣ ውሃውንም፣ እጇንም።

«ከዶሮዎቹ ነው የመጣው ብዬ አልምልም፤ እነሱን አልመረመርኩም» አላት። «ግን ካፕሱሉን ከውሃው ያውጡ። ቁስሉንም እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ አይንኩ።»

ደረበ ይህን ሲሰማ ከነሕመሙ ሳቀ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!»

«ዝም በል፣ እግርህን ሰብስብ!»

መርፌው አሥር ቀን ተሰጠው። ቁስሉ ሽታው ጠፋ፣ ቀይ ሥጋ ከዳር እየገፋ መጣ። እግሩ ተረፈ።

ኮኪት እንደገቡ አንዲት ቄብ ክንፏን ጥላ አገኘቻት። እጇ ወደ ካፕሱሉ ጣሳ ሄዶ ተመለሰ፤ ቄቧን ለብቻ አስራ ማጠጫውን በአመድ ፈተገችው። ቄቧ ሞተች። ሌሎቹ ሲለቅሙ ዋሉ።

በሳምንቱ አሥር እንቁላል በገለባ ጠቅልላ ኡመይር ሱቅ በር ላይ ቆመች። የዶሮዎቹን ነገርና ይቅርታዋን እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ አንዱን እንቁላል አነሳና ወደ ፀሐይ አድርጎ አገላብጦ አየው።

«ያ ኡኽቲ» አለ፣ «ይሄ ካፕሱል የለበትም?»