ጋዜጣው እስኪመጣ

ያሳደጉኝ አጎቴ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ በተስፋፋበት ዘመን፣ መልካ ወረር እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ጀርመናዊ መካኒክ የአገሩን ኳስ አስወደዳቸው። አንብቦ የጨረሰውን ጋዜጣም ይልክላቸው ጀመር፤ ታዲያ የሚደርሰን ጨዋታው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቋንቋውን ማን ያውቃል? እኔ እገልጥና የጎሉን ቁጥር አነብላቸዋለሁ።

ራዲዮ የሰሙ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ፣ ጀርመኖችዎ ጉድ ሆኑ!» ሲሏቸው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው ይጮኻሉ።

«ዝም በል አንተ! ጋዜጣው እስኪመጣ ለእኔ ገና አልተጫወቱም!»

ጋሼ በተቀበሩ በሳምንቱ አንድ ጋዜጣ መጣ። ለቅሶ የተቀመጡት «ግለጪው እንጂ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። እንደታጠፈ ባዶ ወንበራቸው ላይ አኖርኩት።

ለጋሼ ገና አልተጫወቱም።