ሚጥሚጣ የገባበት የወፍ ቀለብ

ጀርመን አገር ጻይልስሃይም በሚባል ሰፈር፣ አሮጌው መንደር ውስጥ፣ የአንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ቤት ፎቁን ተከራይቼ እኖር ነበር። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሆና ቪዛ ትጠብቃለች። የቀረን አንድ ወረቀት ነው፤ አከራዬ ቤቱ ለሁለት ሰው እንደሚበቃና አብራኝ እንድትኖር እንደፈቀዱ የሚፈርሙበት። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ታክመው ለሦስት ሳምንት ማገገሚያ ሊገቡ ሆነ። ስመለስ እፈርማለሁ አሉኝና ግቢ ውስጥ የሚቀልቧቸውን ወፎች አደራ ሰጡኝ። በየጠዋቱ አንድ ስኒ የሱፍ ፍሬ፣ ከዚያ አይበልጥም። ከተረፈ አይጥ ይመጣል፤ እሳቸው ደግሞ አይጥ ካዩ ሰው ማመን ያቆማሉ።

ለዚያ ሁሉ ወፍ አንድ ስኒ! እኛ ቤት እንግዳ ፊት ምግብ አይሰፈርም። በመጀመሪያው ቀን ዞር ሳልል ጨርሰው ቁልጭ ቁልጭ እያሉ አዩኝ፤ አፈርኩ። በማግስቱ ሁለት ስኒ ሰጠሁ። በሳምንቱ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሆነ፤ ድርቆሽም ፈርፍሬ ጨመርኩበት። የሰፈሩ እርግብ ሁሉ መጣ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

ከዚያ አይጧን አየኋት። የወፎቹ ቤት የቆመበት እንጨት ሥር እንደ ባለቤት ተደላድላ ትበላለች። ክው አልኩ። ጠረግሁ፣ ወደ አንድ ስኒ ተመለስኩ፤ እሷ ግን አልሄደችም። አከራዬ ሊመለሱ አራት ቀን ቀርቷቸዋል፤ ሰኞ ደግሞ የተፈረመውን ወረቀት ይዤ የምቀርብበት የውጭ ዜጎች ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አለኝ።

ሆኽስት ሥራ ቦታዬ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ፣ ወፍ ቃሪያ አያቃጥላትም፣ አይጥ ግን አትችለውም አለኝ። ባለቤቴ የላከችልኝን ሚጥሚጣ የወፎቹ ፍሬ ያለበት ከረጢት ውስጥ ገልብጬ ከፍሬው ጋር አሸሁት። ከዚያ መስኮቱ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ወፎቹ ቢሞቱስ? ደረቷ ቀይ የሆነ አንዲት ትንሽ ወፍ አንድ ፍሬ አነሳች። ደገመች። ከሰዓት አይጧ መጥታ ቀመሰችና አፏን በሁለት እጇ እያሻሸች በአጥሩ ሥር ሾልካ ወጣች። ዳግም አላየኋትም።

ዓርብ ዕለት አከራዬ በክራንች ገቡ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው መጀመሪያ የፈለጉት የፍሬውን ከረጢት ነው። አንድ ፍሬ አወጡና፣ እንደ ልማዳቸው ሻግቶ እንደሆነ ለማወቅ በጥርሳቸው ሰበሩት። መቶ ጊዜ ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ፊታቸው ቀላ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሮጬ ወተት ቀዳሁላቸውና ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሳህኑን፣ ድርቆሹን፣ አይጧን፣ ሚጥሚጣውን። እያወራሁ የማየው ወረቀቱን ነበር። ለባለቤቴ ሻንጣሽን መልሰሽ ፍቺ ብዬ ስደውልላት ታየኝ።

ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጡ። እስክሪብቶውን አነሱ።

«ትምጣ» አሉ። «ወፎቹን የምትቀልበው ግን እሷ ናት።»

ፈረሙና የወፎቹን ቀለብ መስፈሪያ ስኒ ከእጄ ወስደው፣ እሷ እስክትመጣ ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።