ፊደሉ አይውደቅብኝ

በዳሳ የሚተዳደረው ፊደል በማስጨፈር ነው። ሥራውን ነቀምቴ ላሉት አባቱ ማስረዳት ካቃተው ቆይቷል፤ "ኮምፒውተር ላይ ነው" ብሎ ያልፋል፤ እሳቸውም ባንክ ቤት የሚሠራ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን የሰርግ አዳራሽ ስክሪን ላይ የሙሽሮች ስም ሲወጣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው እንዲዘል፣ እንዲሽከረከር፣ ትከሻውን እንዲሰብቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ እንግዳ ማረፊያ ጀርባ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ደግሞ ኦሎምፒያ ሰፈር ያለ አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት "ደንበኛ የተቀበለው ምርጥ ሥራህን እስከ ዓርብ ማታ ላክልን" ብሎታል። ከሰርግ ስክሪን የሚገላገልበት በር ይኸው ነው። ስለዚህ ለረሆቦትና ለፍትዊ ሰርግ ያለ የሌለ ጥበቡን አፈሰሰ። የስማቸው ፊደሎች ከላይ እንደ ዝናብ እየወደቁ፣ መሬት ሲነኩ እየነጠሩ ይደረደራሉ፤ መጨረሻ ላይ እንደ አበባ ቅጠል ይበተናሉ። ሠርቶ ሲያየው ራሱን ወደደ።

ምን ዋጋ አለው፣ የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ኣብርሀት መጡ። ሌላው ደንበኛ በቴሌግራም አይቶ "አሪፍ ነው" ይላል። እሳቸው ግን ከሃያ ሁለት ሰፈር ታክሲ ተሳፍረው መጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"ለምንድነው የልጄ ስም የሚወድቀው?"

"እየገባ ነው እንጂ እየወደቀ አይደለም፣ እማማ።"

"ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ነገር ታዲያ ምን ይባላል? ልጄ በሰርጓ ቀን አትወድቅም። ፊደሉ አይውደቅብኝ!"

ደንበኛ ንጉሥ ነው አሉ። ፊደሎቹን ከታች ወደ ላይ አወጣቸው። በማግስቱ መጥተው አዩና "ከጉድጓድ ነው እንዴ የምትወጣው?" ብለው አማተቡ። ከግራ ቢያስገባቸው፣ "ጠዋት ጠዋት በቀኝ አውለኝ ብዬ የምጸልይ ሰው ልጄን በግራ ልዳር?" አሉት። ከቀኝ ሲያስገባቸው ደግሞ ለቀኙ የቀረበው የመጨረሻው ፊደል ቀድሞ ገባ፤ "ጀርባዋን ሰጥታ መጣች" ተባለ። ቢያሽከረክራቸው ልጅቷን ራሷን ያዞራታል። ሰው እንዴት ፊደል ይፈራል? በዳሳ ጴንጤ ነው፣ ሟርት አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። እሳቸው አንዷን ነገር በነኩ ቁጥር ግን የሰባቱን ፊደል እንቅስቃሴ አንድ በአንድ እንደ አዲስ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፊደሎቹ ካሉበት ቦታ ቀስ ብለው ብቅ እንዲሉ ተስማሙ። ለኦሎምፒያ የሚሆን የቀረው መጨረሻው ብቻ ነበር።

"መበተኑን እንኳን ይተዉልኝ፣ እማማ፤ ጥበቡ እሱ ጋ ነው።"

"አይበተንም።"

"ለምን?" አለ፤ ድምፁ ከፍ ማለቱ ለራሱም ታወቀው።

ወይዘሮ ኣብርሀት አልተቆጡም። "መበተን በቃን፣ ልጄ። በጦርነቱ ጊዜ አንዳችን በአንድ በኩል፣ ሌላችን በሌላ በኩል ነው የወጣነው። ይሄ ሰርግ ስንቴ ተላልፏል! የበኩር ልጄ ኪዱ የት እንዳለ እስከ ዛሬ ወሬውን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስክሪን ላይ እንኳ ተሰብስበን እንቁም።"

በዳሳ ሲጠራቀም የሰነበተውን ንዴት የሚያሳርፍበት ቦታ ጠፋው። የሚበተነውን አጠፋው። ሰባቱ ፊደሎች ብቅ ብለው ተገትረው ቀሩ፤ ይህን ማንም ጀማሪ ይሠራዋል። ኦሎምፒያ በዚሁ ቀረች ብሎ ተስፋውን ቆረጠ።

ሴትዮዋ ግን አልተነሱም። ነጠላቸውን ጫፉን ይዘው ሲያፍተለትሉ ቆዩና፣ "ከሥር የወንድሟን ስም ጨምርልኝ" አሉት። "ኪዱ በል።"

አሁንስ በዛ! ደግሞ ሌላ ስም፣ ደግሞ ሌላ ሟርት። "እሺ፣ ይሄኛውስ እንዴት ይግባልዎ?" አለ ምርር ብሎት። "ከላይ አይሆንም፣ ከታች አይሆንም፣ በግራ አይሆንም፣ በቀኝ አይሆንም..."

ወይዘሮ ኣብርሀት ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

"እሱ እንደፈለገው ይግባ" አሉ። "ብቻ ይግባልኝ።"

ሳምንቱን ሙሉ የለመነው ፈቃድ ይኸው ተሰጠው። ከላይ ቢጥለው፣ ቢያስነጥረው፣ ቢያሽከረክረው ከልካይ የለበትም። በዳሳ "ኪ"ን ነካት፤ ከየት በኩል እንደሚያስገባት ግን አላወቀም።