የቤሪል ብስክሌት

እንግሊዝ አገር ባለችው ትንሿ ከተማችን አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የመሰናዶ ተማሪዎቹ ትምህርት የሚጨርሱ ቀን አንድ ጉድ ሳይሠሩ ከግቢ አይወጡም። ልማድ ነው። አንዴ የፊዚክስ አስተማሪውን ጠረጴዛ፣ ከነሻይ ኩባያው፣ ኳስ ሜዳው መሀል ወስደው ገተሩት። ሰውየውም ምንም ሳይመስለው እዚያው ቁጭ ብሎ አስተማረ። እንዲህ የሚሠሩት ደግሞ የሚወዱትን ሰው ነው።

ቤሪል ኦከንደንን ግን አንድም ቀን የነካት የለም።

ቤሪል ፀጉሯ የሸበተው የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ውስጥ ጭልፋ እንደያዘች ነው። "ሸሚዝህን አስገባ!" "አተሩን ሳትጨርሺ ኬክ የለም!" ስትል ግድግዳው ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘንድሮ ጡረታ ልትወጣ ነው።

"ሳይነኩኝ ልሄድ ነው ዶሪን" አለቻት ሳህን ለምታጥበው ጓደኛዋ።

"ይፈሩሻላ!"

"ማንን መታሁ?"

"ብትመቺማ ይሻል ነበር። ያ ዓይንሽ ነው የፈጃቸው።"

ቤሪል ልታግዛቸው ቆረጠች። የመሰናዶዎቹ የተንኮል አለቃ የምትባለው ታምሲን ሾርባ ልትቀዳ እስክትሰለፍ ጠብቃ፣ "እኔ እንኳን ብስክሌቴን መቆለፍ ትቻለሁ። ማን ይነካብኛል!" ብላ ጮኸች።

ከሥራ ስትወጣ ብስክሌቱ በማታውቀው ወፍራም ሰንሰለት ተጠፍሯል። ታምሲን እየሮጠች መጣች።

"ሚስ፣ ሌባ እንዳይወስድብዎት ብዬ በራሴ ቁልፍ ቆለፍኩልዎት።"

"ተባረኪ" አለች ቤሪል፣ ጥርሷን ነክሳ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጠዋት የምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ እስከ ጣሪያው በፊኛ ተሞልቶ ተገኘ። ምግብ ቤቱ ግን ማንኪያ እንኳን አልጎደለበትም። ቤሪል ንድድ አላት። ኬክ ላይ የሚፈሰውን ቢጫ ካስተርድ አየችው፤ የኬክ ቀለሙን ጠርሙስ አየችው፤ ሙሉውን ገለበጠችበት። ካስተርዱ እንደ እንቁራሪት አረንጓዴ ሆነ።

"ሚስ፣ ይሄ ምንድነው?" አለ ከፊት የተሰለፈው ልጅ።

"ካስተርድ። ብላ!"

በሉ። ትንፍሽ ያለ የለም። እንዲያውም "እናመሰግናለን ሚስ" አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሩ፣ ምላሱ ሣር መስሎ ገባ። "ማነው ይሄን የሠራው? መሰናዶዎች! የስንብት ዳንሳችሁ ቀረ!"

"ኧረ እኛ አይደለንም!" አለች ታምሲን። የሷም ምላስ አረንጓዴ ነው።

ቤሪል ጭልፋዋን አስቀመጠች። "እኔ ነኝ።"

"እርስዎ?"

"አዎ እኔ! እነዚህ ፈሪዎች እኔን መንካት ካቃታቸው ምን ላድርግ? በሰው ሁሉ ሲጫወቱ እኔን እንደ ሐውልት አለፉኝ!"

ከዚያ ታምሲን ትን እስኪላት ሳቀች፤ አዳራሹም አብሯት ፈነዳ። ዳይሬክተሩ አፉን በእጁ ሸፍኖ "በቃ፣ ዳንሱ አይቀርም" ብሎ አጉረመረመና ወጣ።

ቤሪል ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ብስክሌቷ የለም። ቀና አለች። የብስክሌት ማቆሚያው ጣሪያ ላይ፣ የትምህርት ቤቱን ክራባት አስሮ፣ የሷን ሽርጥ ለብሶ፣ ተኮፍሷል። ታምሲንና ጓደኞቿ ሊሮጡ አንድ እግራቸውን አንስተው ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

የጥገና ሠራተኛው መሰላል ተሸክሞ መጣ። "አሁን አወርድልሻለሁ።"

"ትነካውና!" አለች ቤሪል። "ዶሪን ሳታየው? ዳይሬክተሩ ሳያየው? በእግሬ እሄዳለሁ።"

ቤቷ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዳገት ላይ ነው። እየዘፈነች ወጣችው።