ስድስተኛው ምዕራፍ ማን ጋ ነው?

ርዕሰ መምህራችን «በግቢው ውስጥ ስልክ ይዞ መገኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት በየክፍሉ በር ላይ ያስለጠፉት በእኔ እጅ ነው። ሙጫውም የእኔ ነበር። ልቤ ግን አልነበረበትም። ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ሰብስቤ «ስልካችሁን አውጡ» አልኳቸው።

የምኖረው ቡሬ ተከራይቼ ነው፤ የማስተምረው ባዮሎጂ፣ ከከተማው በጋሪ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት። አዲሱ መጽሐፍ ታትሞ አልደረሰንም ነበር። በሶፍት ኮፒ አለ ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። ፍኖተ ሰላም ትምህርት መምሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። «ይመጣል፣ ታገሡ» ተባልኩ። እኔስ ልታገሥ፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ልጆቹን ይታገሣል እንዴ? በመጨረሻ አንዲት የድሮ የማደሪያ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በፍላሽ ይዛልኝ መጣች።

ፋይል እየቆራረጡ የመለዋወጡን መላ ያስተማረችኝም ይህችው ጓደኛዬ ነች። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፊልም የምናወርደው በእሷ ላፕቶፕ ነበር። እኔ ፊልሙ ከአንድ ትልቅ መጋዘን የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። «መጋዘን የለውም» አለችኝ። «የሚመጣልሽ ከእኛ በፊት ካወረዱት ሰዎች ኮምፒውተር ነው፤ ከአንዱ ቁራሽ፣ ከሌላው ቁራሽ። አንቺም የደረሰሽን ቁራሽ ሳታጠናቅቂ ለሌላ መስጠት ትጀምሪያለሽ።» ሁለት ማሽኖች ሲገናኙ መጀመሪያ ሰላም ይባባላሉ፤ እኔ ይሄ ይሄ አለኝ፣ አንተስ ይባባላሉ፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ተቀብሎ የማይሰጠውን ይዘጉበታል። አዲስ የገባው ግን የሚሰጠው ስለሌለው መጀመሪያ እንዲያው ይሰጡታል። አንድ ማስጠንቀቂያም ነበራት፤ ቀድሞ መያዝ ያለበት ጥቂት ሰው ጋ ያለው ቁራሽ ነው፣ ሁሉም ጋ ያለውንማ መቼም አታጪውም ብላኛለች። ይቺን የመጨረሻዋን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኳት።

የተማሪዎቼ ስልኮች በመዝሙርና በዘፈን ጢም ብለዋል፤ ሙሉውን መጽሐፍ የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ በየምዕራፉ ስድስት ቦታ ቆረጥኩት። አንዱ ምዕራፍ አንድን ይወስዳል፣ ሌላው ሁለትን፣ ከዚያ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ስልክ ከስልክ ለማገናኘት ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱ «ላክ» ይላል፣ ሌላው «ተቀበል» ይላል፤ ሁለቱም ካልፈቀዱ ግን ምንም አይተላለፍም። ሕጌም አጭር ነበር፤ ያልሰጠ አይቀበልም።

መቼም ሲሠራ ያስደስት ነበር። ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ስወጣ ተማሪዎቼን የበቆሎ ጆንያ ላይ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስተኝተው አገኛቸዋለሁ። እናቶቻቸው ኑግ ይሸጣሉ፣ እነሱ ምዕራፍ ሦስትን በምዕራፍ አንድ ይቀይራሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ለእህቱ ብሎ ሁለት ምዕራፍ ተቀብሎ ለተሳፋሪ ተማሪ ሁሉ ያድል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወረቀታቸውን ይለጥፉ፤ መጽሐፋችን ያለ እሳቸው ፈቃድ እየሄደ ነው እያልኩ በጎዳናው ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር። ኩራቱ ደርሶ አናቴ ላይ ወጥቶብኛል።

ከተማሪዎቼ የአንዷ ቤት ሩቅ ነው። ቤታቸው አገውኛ ይነገራል፣ ሰፈራቸው መብራት አልገባም፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በእግሯ ከአንድ ሰዓት በላይ ትሄዳለች። በዚያ በኩል ላሉት ታደርስልኛለች ብዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ስድስቱንም ምዕራፍ ሰጠኋት። ስልኳ አሮጌ ነው፣ ግን ባዶ ነበርና ሁሉንም ቻለው። ከዚያ በኋላ «ላኪልን» የሚላትን ሁሉ «አልችልም» ማለት ጀመረች። አንዱ ከሰሰ፣ ሌላዋ ከሰሰች። እኔም ቁጣዬ ከአፌ ይቀድማልና ክፍል ውስጥ አስነሥቼ፣ አርባ ተማሪ ፊት፣ «ስስታም ነሽ! ለራስሽ ወስደሽ በሩን የምትዘጊ! ከዛሬ ጀምሮ ማንም ምንም እንዳይሰጣት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ተቀመጠች።

ስድስተኛውን ምዕራፍ ማስተማር ልጀምር ስል ነው ጉዱ የመጣው። ፍላሼን ፍኖተ ሰላም አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄ ቫይረስ በልቶት ተመለሰ፤ ስከፍተው ውስጡ አንድም ፋይል የለም። ግድ የለም፣ ስልኬ ላይ አለ አልኩ። የለም። የእህቴን ሠርግ ለመቅረጽ ቦታ ስፈልግ ራሴ ሰርዤዋለሁ፤ ልጆቹ ጋ አለ ብዬ። ልጆቹን ጠየቅሁ። እነሱም ሰርዘዋል፤ ሌላው ጋ አለ ብለው። ምዕራፍ አንድ ሁሉም ጋ አለ፤ ማንም መጽሐፍ ሲይዝ ከመጀመሪያው ነዋ የሚጀምረው። ሁለት፣ ሦስትና አራትን አገኘናቸው። አምስተኛው ከባጃጅ ነጂው ስልክ ወጣ። ስድስተኛው ግን የለም። የጓደኛዬ ማስጠንቀቂያ ያኔ ትዝ አለኝ፤ ምን ዋጋ አለው። እሷም ተመልሳለች፣ መንገዱም እንደልብ አይደለም፣ ፈተናው ሁለት ወር አልቀረውም።

ስድስቱንም የወሰደችው አንዷ ብቻ እንደሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማንም ስሟን አላነሣም። አሳፈረኝ።

በማግስቱ ከአጥሩ ውጭ ጠብቄ አቆምኳት።

«ስድስተኛው ምዕራፍ አለሽ?»

«አለኝ።»

«አልሰረዝሽውም?»

«ለምን ብዬ እሰርዘዋለሁ ቲቸር? ሌላ ምን የምጭንበት አለኝ?»

«እንግዲያው ላኪልኝ» አልኩና ስልኬን አወጣሁ። የእሷን አላወጣችም።

«ቲቸር፣ ለምን አልሰጥም እንዳልኩ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ ነገረችኝ። ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ስትወጣ ነው። ያቺን ቻርጅ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ማድረስ አለባት። አንድ ምዕራፍ ስትልክ የሦስት ቀን ንባቧ ይሄዳል። የምታነበውም ለብቻዋ አይደለም፤ ጎረቤቷ ካሉት የክፍላችን ልጆች ሦስቱ ስልክ የላቸውም፣ አራት ሆነው በአንድ ስልክ ያነባሉ። እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው እሷ በአገውኛ ታስረዳቸዋለች። እኔ ያንን አላየሁም፤ ስልክ ከስልክ የተገናኘውን ብቻ ነበር የምቆጥረው። ሦስቱ ተማሪዎቼ መጽሐፉን ከየት አግኝተው ፈተና እንደሚያልፉ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ እኔ ልክ እንዳልሆንኩ እያወቅሁ እንኳ ጥፋት እፈልግባት ነበር።

«ሳይጠይቁ ነው እኮ የሰደቡኝ። እሰጣለሁ፤ ልጆቹ ምን አደረጉኝ? ግን የሰደቡኝ ክፍል ውስጥ ነው። የምሰጠውም ክፍል ውስጥ ነው። በሰው ፊት እንደሰደቡኝ በሰው ፊት ይመልሱልኝ።»

ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ መገኘት ለተማሪ መባረር፣ ለመምህር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ወረቀቱን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ደግሞም ተናደድኩ፤ አልዋሽም። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቅድመ ሁኔታ ስታስቀምጥልኝ ደሜ ፈላ። መንገድ ላይ ለብቻዬ ስሟገትላት ስሟገትባት ዋልኩና የራሴው ቃል ትዝ ብሎኝ ቆምኩ። ሁለቱም ካልፈቀዱ ምንም አይተላለፍም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በሩን ክፍት ተውኩት። ከዘጋሁት የምደበቅ ይመስለኛል። አስነሣኋት፤ እኔም ከመድረኩ ወረድኩ።

«ባለፈው ይህችን ልጅ ስስታም ብያታለሁ። ዋሽቻለሁ። ለሦስት ሰው እያካፈለች ነበር፤ እኔ ሳልጠይቅ ፈረድኩባት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሷ ስልኳን ከደብተሯ መሃል አወጣች፣ አበራችው፣ አየችው። «አሥራ አንድ ፐርሰንት ቻርጅ አለው፤ ለአንድ ሰው ይበቃል» አለች። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ከስልኳ ጎን አስቀመጥኩ። ላከች፤ ተቀበልኩ። የደረሰኝን በመቶኛ የሚያሳየው ቁጥር መውጣት ጀመረ።

ስልሳ ላይ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ ወረቀቱን በጣታቸው እያሳዩ።

«መጽሐፍ ነው ጋሼ።»

«ስልክ ነው!»

«ስልክም ነው። ደብዳቤውን ለእኔ ይጻፉ፤ ልጅቱ በእኔ ትእዛዝ ነው ያወጣችው። አሁን ግን ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ሰማንያ ሦስት ደርሷል።»

ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ጠበቁ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ እኛው ቁጥሩን እያዩ ጠበቁ። መቶ ሲሞላ የልጅቱ ስልክ ጥቁር ብሎ ጠፋ። ምዕራፉን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁት፤ አንድም አልጎደለም። ያኔ ተማሪዎቼን ስልካችሁን አውጡ አልኳቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ፊት፣ አጥር ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ። አወጡ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ዓርብ ደረሰኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ፓወር ባንክ አውጥቼ ለልጅቱ ሰጠኋት። ሰኞ ጠዋት ባዶውን ታመጣልኛለች፣ ቡሬ ወስጄ እሞላዋለሁ፣ ማክሰኞ እመልስላታለሁ። አንድ ማክሰኞ ስትቀበለኝ «ቲቸር፣ አሁን የምናነበው አምስት ሆነናል» አለችኝ።