ከሰባተኛው ሜዳ የሚሄደው ሽማግሌ

የስፌት መስመር ሁለት አለቃ ወንድሟን የጠየቀችው የሰከንድ ሰዓት ነበር። ወንድሟ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ሲል ምን ላምጣልሽ ይላታል። እሷ እጅጌ ለመግጠም ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ የምትለካበት፣ በቁልፍ የሚነሳና በቁልፍ የሚቆም፣ ከእጅ የማይበልጥ ነገር ፈለገች። እሱ አንዱ ወደብ ላይ ቁልፍ ያለው፣ ከእጅ የማይበልጥ፣ እንደ ኪስ መስታወት ተከፍቶ የሚዘጋ ነገር አገኘና እንደታዘዘው ይዞላት መጣ። የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ነበር፤ ያውም ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ዓመታት ያለፉት። አንድ ጌም ተሰክቶበታል፤ ጽሑፉ በሙሉ የሩቅ አገር ፊደል ነው።

እኔ በዚያ ልብስ ስፌት ድርጅት የማሽን መካኒክ ነበርኩ። ዕቃው እጄ የገባው ቁልፉ አልጫን ብሎ ነው። ፈታሁት፣ ከቁልፉ ሥር ያለችውን ጎማ በአልኮል አጸዳሁ፣ የመዳቡን መስመር በላጲስ ፈተግኩት፣ ሠራ። መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ እሷ ስትጫወት ከኋላዋ ቆምኩ። የምሳ ሰዓቴ እዚያው አለቀ።

የጌሙ ሜዳ እንደ ዳማ ገበታ በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። ካሬዎቹ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች ቆመዋል፤ የእሷ ሰማያዊ፣ የጠላት ቀይ። አንዱን ስትነካው እስከምን ድረስ መራመድ እንደሚችል መሬቱ ቀለም ቀይሮ ያሳያል። ሰዎቿን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሳለች፣ ስትጨርስ ተራው የጠላት ነው። የተዋጋ ሰው እየበረታ ይሄዳል፤ ጉልበቱ በአንድ፣ ፍጥነቱ በአንድ ከፍ ይላል፤ ለዚያች አንድ ቁጥር ስትል ትንፋሿን ትይዛለች። የሞተ ግን ሞተ። በሚቀጥለው ሜዳ አይመጣም፤ የሚተካውም የለም።

ምኑ እንደሚጥማት ጠየቅኳት።

«ይጠብቀኛል» አለችኝ። «እዚህ ሃያ ሁለት ማሽን፣ አንድ የምርት ኃላፊና አንድ የጭነት መኪና ቀኑን ሙሉ ያጣድፉኛል። ይሄ ግን አገጬን ይዤ ሩብ ሰዓት ባስብ እንኳ ጠላቱ ራሱ ቆሞ ይጠብቀኛል። እስቲ እንዲህ የሚያደርግ ወዳጅ አምጣልኝ።»

ፈጣን ሴት ናት። ኮሌታ በሚሰፋበት በኩል ሥራ ሊከመር ሲል ከሰፊዋ ቀድማ ታየዋለች፤ ማንን ከየት አንስታ የት እንደምታስቀምጥ እየተራመደች ነው የምትወስነው። አንዷን ከኪስ ወደ እጅጌ፣ ሌላዋን ከእጅጌ ወደ ቅምቅማት። በጌሙም ያችው ናት። የወታደሮቹን ስም ማንበብ ስለማትችል ራሷ ስም አወጣችላቸው። ብረት ለባሹ ድስቱ ነው። ቀስተኛዋ ቀጭኔ። በፈረስ እየጋለበ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደርሰው አማቻችን ተባለ፤ የባሏ ወንድም ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም። መጥረቢያ የያዘው ጢማም ሽማግሌ አባባ ነው፤ ከሁሉም የሚበረታው፣ ከሁሉም የምትወደው።

ታዲያ አባባ ይሄዳል።

ሰባተኛው ሜዳ እንዳለቀ ፊቱ ብቅ ይላል፣ ጥቂት ይናገራል፣ ከዚያ እብስ ነው። ስምንተኛው ሜዳ ላይ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኖ አንድ ቤት በር ላይ ተገትሮ ይገኛል። የእሷ ዓላማ አንድ ነበር፤ ከመጀመሪያው የያዘቻቸውን አሥራ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሜዳ ማድረስ። አሥራ አንድ ይዤ አልገባም ትላለች። ስለዚህ «ከሃዲ» ብላ ድስቱን ትልክበታለች፤ አባባ ለመምታት እጁን እንኳ ሳያነሳ ይወድቃል፤ እሷም ንድድ ብሏት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ።

ለምን እንደሚሄድ ግራ ገባት። እኔ ክር ሲበጠስ የማደርገውን ነገርኳት፦ ሁሉን ባንዴ አትነካኪ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጪና እዪ፤ መጀመሪያ መርፌውን፣ ቀጥሎ ክሩን፣ ከዚያ ውጥረቱን። ደብተር አወጣች። ምርጡን መጥረቢያ ሰጠችው፤ ሄደ። ነፈገችው፤ ሄደ። ከቀጭኔ አጠገብ እንዳይለይ አደረገችው፤ ሄደ። ደክሞት ይሆናል ብላ ምንም ሳታዋጋው ዳር አስቀመጠችው፤ ሄደ። ደግሞ ቅር ብሎት ይሆናል ብላ የጠላትን አለቃ እሱ እንዲጥለው ተወችለት፤ ጣለውና ሄደ። ደብተሩን አገላብጬ የረሳችው ነገር አላገኘሁም። እኔም ግራ ገባኝ፤ ክር ያለ ምክንያት አይበጠስማ።

የሚናገረውን ለምን አላስነበባችሁም የሚል ይኖራል። ስልክ የባዕድ ፊደል አንብቦ መተርጎም ያልጀመረበት ጊዜ ነበር። ደግሞም «ወሬ ነው» ትለኝ ነበር፤ ፊት ብቅ ባለ ቁጥር ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ታሳልፈዋለች።

በሦስተኛው ዓመት ድርጅቱ አዲስ የአዝራር ቀዳዳ ማሽን ገዛ፤ የሚተክለው ባለሙያም ከማሽኑ አገር መጣ። ጸጥተኛ ሰው ነው፤ ማሽን ሲተክል በየቦታው ስለኖረ የእኛን ቋንቋ ቆራርጦም ቢሆን ይናገራል። አራት ቀን አብረን ሠራን። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ አለቃ ማጫወቻዋን ስትከፍት አየና ፈገግ አለ፤ የአገሩ ሥራ ነው፣ ልጅ ሆኖ አንድ ነበረው። የዚያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። አባባን አሳዪው አልኳት። አሥራ ሁለተኛ ሙከራዋ ላይ ነበረች፤ ሰባተኛው ሜዳ አንድ ቀይ ብቻ ቀርቶታል። ጣለችው። የሽማግሌው ፊት መጣ። አውራ ጣቷ እንደለመደው ሊጫን ሲል ሰውዬው እጇን ያዘ።

አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ሽማግሌው ይጠይቃል» አለ።

«ምን ብሎ?»

«‹የሚቀጥለው መንደር የእኔ መንደር ነው። ልጄ እዚያ አለች። ልሂድ ወይስ ከእናንተ ጋር ልቆይ?› ከሥር ሁለት መልስ አለ። ላይ ‹ሂድ›፣ ታች ‹ቆይ›። እርስዎ የትኛውን ይጫናሉ?»

«እኔ ዝም ብዬ ነው የምጫነው።»

«ዝም ብሎ ሲጫኑ የላይኛው ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እርስዎ ፈቀዱለት። ሲሄድ ያመሰግናል።»

ማጫወቻውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ግራጫው ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ጠላት ማለት አይደለም አላት፤ ጠላት ቀይ ነው፤ ግራጫ የራሱን ቤት የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ካልነኩት አይነካም። ወደ እኔ ዞረች። ጌም እኮ ነው አልኳት።

«አሥራ አንድ ጊዜ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ብልሽት አውቃለሁ፤ ማሽኑ ምንም አይለውም፣ ችግሩ ፔዳሉ ላይ ያለው እግር ነው። እግሩ የማን እንደሆነ ለባለቤቱ መንገር ነው የሚከብደው።

የዚያን ቀን ከሰዓት መስመር ሁለት ላይ ሥራ ተዛባ። አለቃ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ ማለት ልማዷ ነበር። ኪስ የምትሰፋው ልጅ መጥታ «አለቃ፣ እኔ…» ስትል ግን፣ ቁጭ በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ አልቸኩልም ተባለች። ልጅቷ የፈለገችው ሽንት ቤት መሄድ ነበር። ግራ ገብቷት ስለ እናቷ ጤና ጭምር ተናግራ ሄደች። ማታ አለቃ የጌሙን ነገር ለባሏ ስትነግረው ደግሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «እኔንም ያገባሽኝ በዚያው ቁልፍ ነው፤ ‹አንድ ነገር ልጠይቅሽ› ከማለቴ እሺ አልሽ» አላት። ምን ልትጠይቀኝ ነበር ብትለው ረስቼዋለሁ አለ። ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ በጠዋት ወደ አገሩ ሄደ። እሷ ምሳ ሰዓት ላይ ከጥያቄው ፊት ተቀመጠችና የታችኛውን ተጫነች። ቆይ።

አባባ ቆየ። ሰማያዊ እንደሆነ ስምንተኛው ሜዳ ገባ። አሥራ ሁለት። ጥራት ተቆጣጣሪው እንከን ያጣበትን ሸሚዝ የምታሳየኝ ይመስል ማጫወቻውን ወደ እኔ አዞረችው። ቤቱ በር ላይ ማንም አልነበረም። በፊት አባባን ልትመታ ሰዎቿን በዚያ በኩል ስለምታሰልፍ ቀዮቹ ቤቱ ጋ ደርሰው አያውቁም ነበር። አሁን በሌላ በኩል ዞረች፤ በሦስተኛው ተራ ሁለት ቀዮች በሩ ላይ ቆሙና ቤቱ ጠቁሮ ፈረሰ። የአባባ ፊት መጣ። ረጅም ነገር ተናገረ። ከሥሩ ሁለት መልስ።

አውራ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

የላይኛው «ሂድ» አልነበር እንዴ አልኳት።

«ያ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

ከቆራጮች ክፍል የልብስ ቅርጽ የሚገለበጥበትን ስስ የፓተርን ወረቀት አመጣች። ማያው ላይ ለጠፈችው፣ እርሳሷን ቀረጸች፣ ኮሌታ እንደምትገለብጥ አድርጋ ፊደሎቹን ጭረት በጭረት ገለበጠች። ከሁለቱ መልሶች አጠገብ በእኛ ፊደል «ላይ»፣ «ታች» ብላ ጻፈች። እኔ ወደ አገሩ ለተመለሰው ባለሙያ ከቢሮ በፋክስ ላክሁለት። ባትሪው ስለማይዘልቅ ቻርጀሩን ሰካሁና የመሰኪያውን ልል ሽቦ በየድኩ፤ ማጫወቻውን እንደበራ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በካርቶን ከደንኩት፤ ካርቶኑ ላይ «አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። የአዲሱ ማሽን አካል ነው ተብሎ ተወራ። የምርት ኃላፊው ሳይቀር መጥቶ ካርቶኑን አየና አቧራ እንዳይገባበት አሳሰበኝ።

መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ። ከላይ ስለ ማሽኑ ቀበቶ አጠባበቅ ሦስት መስመር ይላል። ከሥሩ፦

«ሽማግሌው፦ ‹ቤቴ ሲቃጠል ከዚህ ሆኜ አየሁ። ልጄ ወጥታ እንደሆነ አላውቅም። ቆይ ስትሉኝ እንዲህ እንደሚሆን ታውቁ ነበር?› ላይ፦ ‹አናውቅም ነበር›። ታች፦ ‹እናውቅ ነበር›።»

ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ አውቅ ነበር ወይስ አላውቅም ነበር ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ልጁ እዚያ እንዳለች ነግሮሻል፣ ይቃጠላል ግን አላለሽም አልኳት። ሳይነግረኝስ ገምቼ ቢሆን አለች። ገምተሽ ነበር ወይ አልኳት። ስለ አሥራ ሁለት ብቻ ነበር የማስበው አለች፤ ይሄ ከየትኛው ይመደባል? እኔ ማሽን ነው የማውቀው። ጌሙም እንደ ልማዱ ይጠብቃል፤ የዚያን ቀን ግን መጠበቁ የደግ ወዳጅ አልመሰለኝም።

ጣቷ ወደ ታች ሄደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ታች ሄደና ተጫነ። እናውቅ ነበር።

አባባ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ከሥሩ መልስ የለውም። ጠቅ ጠቅ አድርጋ አላሳለፈችውም፤ ሊገባት ባይችልም እስኪበቃት አየችው። ይሄንንም ለባለሙያው ልላክለት ብላትም አልፈለገችም።

ዘጠነኛው ሜዳ ተከፈተ። በጣቷ ቆጠረቻቸው። ድስቱ፣ ቀጭኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ የደረሰው አማቻችን። አባባ መጨረሻው ላይ ነው።

«አሥራ ሁለት ናቸው» አለችኝ።

«ሁሉም አሉ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን የጎደለ ይመስለኛል?»

ደብተሩን ከፊቷ ዘርግታ አሥራ አንዱን በየቦታቸው አስቀመጠች። አባባን ነካችው፤ መሬቱ ሰማያዊ ሆኖ የሚሄድበትን ሁሉ አሳያት። ወዴት ሂድ እንደምትለው ቸግሯት ጣቷን እንዳንጠለጠለች የሥራ ደወል ተደወለ።